ስሙ ሌላ፣ ትውልዱ ሌላ፦ የአንድ የኤሌክትሪክ ጊታር ማንነት እንዴት ይታወቃል?

አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ከእጃችን ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የምናነበው ስሙን ነው። በኤሌክትሪክ ጊታር ዘንድ ስሙ የሚጻፈው መቃኛዎቹ በተደረደሩበት ራስ ላይ ነው፤ ያነበበውም ሰው መሣሪያውን ያወቀው ይመስለዋል። ይሁንና በራሱ ላይ የተጻፈው ስም የሠሪው ቃል የሆነበት ጊዜ እንዳለ ሁሉ የነጋዴው ቃል ብቻ የሆነበትም ጊዜ ብዙ ነው። ነጋዴው ደግሞ የሚሸጥለትን ስም ይመርጣል እንጂ ዕቃው የተሠራበትን አገርና የሠሪዎቹን ማንነት የመመስከር ግዴታ የለበትም። ስለዚህ መሣሪያ የሚጠግን፣ የሚያስቀምጥ ወይም በመዝገብ የሚያሰፍር ባለሞያ ስምን አንድ ምስክር አድርጎ ይቀበለዋል እንጂ ዳኛ አያደርገውም።

ይህን ጉዳይ በረቂቅ ከመተንተን ይልቅ በአንድ እውነተኛ መሣሪያ ላይ ተመሥርቶ መመርመር ይሻላል። ለዚህ የመረጥነው በቼኮስሎቫክያ ተሠርቶ፣ በእንግሊዝ አገር በሌላ ስም ተሽጦ፣ ከዚያም በዓለም ታወቁ በተባሉ ወጣቶች እጅ የገባውን ጊታር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስም ንግድ

በመጀመሪያ ችግሩ የአንድ መሣሪያ ብቻ አለመሆኑን ማስገንዘብ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ሲርስ የተባለው ታላቅ የችርቻሮ ድርጅት «ሲልቨርቶን» በሚል ስም እጅግ ብዙ ጊታሮችን ሸጧል። ሲርስ ግን የጊታር ፋብሪካ አልነበረም። ሲልቨርቶን ከተባሉት ውስጥ ገሚሱን ዳንኤሌክትሮ፣ ገሚሱን ሃርመኒና ኬይ፣ ሌላውንም የጃፓኑ ቴስኮ ሠርተውታል። ስለዚህ «ይህ ጊታር ሲልቨርቶን ነው» ማለት «ይህ ዕቃ ከእገሌ ሱቅ ተገዛ» ከማለት የሚያልፍ ዕውቀት አይሰጥም።

ሠሪውን ለይቶ የሚናገረው የመሣሪያው አካል ነው። ለምሳሌ የዳንኤሌክትሮው ባለቤት ናታን ዳንኤል ዋጋ ለመቀነስ ሲል የጊታሩን አካል ከእንጨት ማዕቀፍ ላይ በተለጠፈ ሜሶናይት፣ ማለትም ከተፈጨና ከተጨመቀ እንጨት በተሠራ ሰሌዳ ያበጅ ነበር። የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ፒካፕ ደግሞ የከንፈር ቀለም መያዣ በሚመስል የብረት ቀፎ ውስጥ ይከተው ነበር። ሲልቨርቶን የሚል ስም ተጽፎበት እነዚህን ሁለት ነገሮች የያዘ ጊታር የተገኘ እንደሆነ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መድከም አያሻም። ስሙ የደበቀውን ሜሶናይቱ ገልጦታልና።

ከብላትና የወጣው ጊታር

ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ። ብላትና በደቡብ ቦሔምያ፣ በዛሬይቱ ቼክ ሪፐብሊክ፣ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በዚህች ከተማ ድሬቮኮቭ የተባለ የኅብረት ሥራ ድርጅት ነበረ። ስሙ ራሱ በቼክ ቋንቋ «እንጨት» እና «ብረት» የሚሉትን ሁለት ቃላት ያጣመረ ነው፤ ለኤሌክትሪክ ጊታር ሠሪ ከዚህ የተስማማ ስም ሊገኝ አይችልም። ቼኮስሎቫክያ በ1948 በኮሙኒስት ፓርቲ ሥልጣን ሥር ከገባች በኋላ የግል ፋብሪካዎች ወደ መንግሥትና ወደ ኅብረት ሥራ ይዞታ ተዛውረው ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ በድሬቮኮቭ «ሬዞኔት» በሚል ምልክት «ግራዚዮዞ» የተባለ የኤሌክትሪክ ጊታር መሠራት ጀመረ። ግራዚዮዞ በሙዚቃ ጽሕፈት የሚሠራበት የጣልያንኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙ «በለዘበ ውበት» እንደ ማለት ነው።

ጊታሩ በዘመኑ ከነበረው የአውሮፓ ምርት የተለየ ነበር። በዚያን ጊዜ በአውሮፓ ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ጊታሮች ውስጣቸው ባዶ የሆነ፣ የተለመደውን የሳጥን ጊታር ቅርጽ የያዙና ፒካፕ የተጨመረባቸው ነበሩ። ግራዚዮዞ ግን አካሉ ድፍን እንጨት፣ ጎንና ጎኑ እንደ ሁለት ቀንድ የወጣ፣ አንገቱ በብሎን የታሰረ፣ ስድስቱም መቃኛዎች በራሱ በአንድ ወገን የተደረደሩለት መሣሪያ ነበር።

ይህን ሲያነብ የሞያው ሰው ወዲያው ሌላ ጊታር ትዝ ሊለው ይገባል። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሊዮ ፌንደር ፋብሪካ ስትራቶካስተር የተባለውን ባለ ሦስት ፒካፕ ጊታር በ1954 አውጥቶ ነበር። የግራዚዮዞ ቅርጽ ከስትራቶካስተር ጋር ያለው ዝምድና በዓይን የሚታይ ነው፤ የካሊፎርኒያው ጊታርም ቀድሞ እንደወጣ ግልጽ ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰዎች ግራዚዮዞን «የስትራቶካስተር ቅጂ» ብለው ያልፉታል። ፍርዱ ትክክል መሆን አለመሆኑን ከዚህ በታች መሣሪያውን ስንመረምር እናየዋለን።

ለንደን ላይ የተሰጠው ስም

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ የዶላር ችግር ስለነበረባት ከአሜሪካ የሚገቡ ብዙ ዕቃዎችን አግዳ ነበር። የሙዚቃ መሣሪያም ከታገዱት አንዱ ነበር። ዕገዳው የተነሣው በ1959 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ዘፋኙ ክሊፍ ሪቻርድ ለባልደረባው ለሃንክ ማርቪን ቀይ ስትራቶካስተር ከአሜሪካ ማስመጣቱ ዛሬም በእንግሊዝ የጊታር ታሪክ እንደ ትልቅ ነገር ይነገራል። ከዚያ በፊት የእንግሊዝ ወጣት የአሜሪካን ጊታር የሚያየው በሸክላ ሽፋንና በፎቶግራፍ ላይ ነበር።

ፍላጎት ባለበትና ዕቃው በሌለበት ገበያ ነጋዴ ክፍተቱን መሙላቱ አይቀርም። በለንደን ቻሪንግ ክሮስ መንገድ ትልቅ ሱቅ የነበረው የሰልመር ድርጅት የቼኮስሎቫክያውን ጊታር አስመጣ። ቼኮስሎቫክያም የምዕራብ አገር ገንዘብ ያስፈልጋት ስለነበር ንግዱ ለሁለቱም ወገን የሚጠቅም ነበር። ይሁን እንጂ ሰልመር ጊታሩን በቀድሞ ስሙ አልሸጠውም፤ «ፉቱራማ» የሚል አዲስ ስም ሰጠው። ቃሉ ስለ መጪው ዘመን የሚያስብ ስም ነው፤ በ1939 በኒው ዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ጄኔራል ሞተርስ ላቀረበው ትርዒትም ተሰጥቶ ነበር። ብላትና ወይም ቼኮስሎቫክያ የሚለው ቃል ከማስታወቂያው ሲርቅ፣ የወደፊቱ ዘመን ጊታር የሚለው ሐሳብ ገዢውን ሳበ።

አካሉ የሚሰጠው ምስክርነት

እንግዲህ ይህ ጊታር፣ ስሙ ከራሱ ላይ ተፍቆ፣ ያለ ደረሰኝና ያለ ማስቀመጫ ሳጥን ከአንድ ባለሞያ ጠረጴዛ ላይ ቀረበ እንበል። ባለሞያው ምን ይመረምራል?

አንደኛ፣ መጠንን ይለካል። የጊታር ዋና መጠኑ የሚነዝረው ክር ርዝመት ነው፤ ይኸውም ክሩ ከአንገቱ ጫፍ ካለው ማረፊያ እስከ በርኩማው ያለው ርቀት ነው። በርኩማው ቃኚው እንዳሻው ወዲያና ወዲህ የሚገፋው ስለሆነ በእርሱ ላይ ተመሥርቶ መለካት ያሳስታል። ትክክለኛው ዘዴ ከላይኛው ማረፊያ እስከ 12ኛው ፍሬት መሐል ለክቶ በሁለት ማባዛት ነው። 12ኛው ፍሬት ክሩን እኩል የሚከፍል፣ ድምፁንም በአንድ ኦክታቭ ከፍ የሚያደርግ ነውና። በዚህ ዘዴ የፌንደር ስትራቶካስተር 647.7 ሚሊሜትር፣ ማለትም 25 ኢንች ተኩል ይሆናል። የጊብሰን ፋብሪካ የታወቀው መጠን ግን 24 ኢንች ከሦስት አራተኛ ነው። ውጤቱን ለማረጋገጥ አንድ ሌላ ስሌት አለ። ጠቅላላው ርዝመት ለ17.817 ሲካፈል ከላይኛው ማረፊያ እስከ መጀመሪያው ፍሬት ያለው ርቀት ይገኛል፤ ለ647.7 ሚሊሜትር ይህ 36.4 ሚሊሜትር ያህል ነው። ሁለቱ ልኬቶች ካልተስማሙ አንገቱ ተቆርጧል፣ ማረፊያው ተለውጧል፣ ወይም ልኬቱ ተሳስቷል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ብሎኖችን ያያል። የአሜሪካ ፋብሪካ በኢንች፣ የአውሮፓና የጃፓን ፋብሪካ በሚሊሜትር የተቆረጠ ብሎን መጠቀሙ የተለመደ ነው። አንድ ብሎን ብቻ ሚሊሜትር ቢሆን ጠጋኝ ለውጦት ይሆናል፤ ሁሉም ሚሊሜትር ቢሆኑ ግን መሣሪያው ከአሜሪካ ፋብሪካ መውጣቱን እጅግ አጠራጣሪ ያደርገዋል።

ሦስተኛ፣ ከላይ ያለውን ሽፋን አንሥቶ የኤሌክትሪኩን ክፍል ይመረምራል። በአሜሪካ ጊታሮች ውስጥ ድምፅ የሚቀንሰውና የሚጨምረው ፖቴንሺዮሜትር ጀርባው ላይ ቁጥር ይታተምበታል። ለምሳሌ 1376512 የሚል ቁጥር ቢገኝ፣ 137 ሲ.ቲ.ኤስ. የተባለውን የዕቃው ሠሪ፣ 65 ዓመተ ምሕረቱን 1965፣ 12 ደግሞ የዓመቱን 12ኛ ሳምንት ያመለክታል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ የሚነግረን ጊታሩ ከዚያ ሳምንት በፊት ሊገጣጠም እንደማይችል ነው እንጂ በዚያ ሳምንት ተሠራ ማለት አይደለም። ዕቃው በመጋዘን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ሊቆይ ይችላል። በአንጻሩ በጊታሩ ውስጥ በ1946 የተቋቋመው የቼኮስሎቫክያ የኤሌክትሮኒክስ ድርጅት የቴስላ ምልክት ያለበት፣ ብየዳውም ያልተነካ ዕቃ የተገኘ እንደሆነ አመልካች ጣቱ ወደ ፕራግ እንጂ ወደ ካሊፎርኒያ አያመለክትም።

አራተኛ፣ የአሠራሩን ሐሳብ ያጠናል። ግራዚዮዞ ራሱን የሚያስመሰክረው እዚህ ላይ ነው። የ1954ቱ ስትራቶካስተር ሦስት ፒካፖች ቢኖሩትም መምረጫው ባለ ሦስት ደረጃ አንድ ማብሪያ ነበር፤ በእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ፒካፕ ብቻ ይሠራል። ሁለቱን ጎረቤታም ፒካፖች አጣምሮ ማሰማት የፈለገ ተጫዋች ማብሪያውን በሁለት ደረጃዎች መካከል በዘዴ ማቆም ነበረበት። ፌንደር ባለ አምስት ደረጃ ማብሪያ በፋብሪካ መግጠም የጀመረው በ1977 ነው። በግራዚዮዞ ግን እያንዳንዱ ፒካፕ ለብቻው የሚያበራውና የሚያጠፋው የራሱ ማብሪያ አለው። ሦስት ማብሪያዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁኔታ ስላላቸው በጠቅላላው ስምንት ሁኔታ ይገኛል፤ ሁሉም የጠፉበትን አንዱን ስንቀንስ ሰባት የድምፅ ዓይነት ይቀራል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፒካፕ ብቻ አብረው የሚሰሙበት፣ እንዲሁም ሦስቱም በአንድነት የሚሰሙበት ድምፅ በጊዜው ስትራቶካስተር ማብሪያ የማይገኝ ነበር።

እንግዲህ «ቅጂ ነው» የሚለው ፍርድ መስተካከል ያለበት እዚህ ላይ ነው። የብላትና ሠራተኞች የውጭውን ቅርጽ ከካሊፎርኒያው ጊታር መንፈስ እንደወሰዱ ማንም አይክድም። ነገር ግን የውስጡን ሥርዓት በራሳቸው መንገድ አስበውታል። ቅርጽን ብቻ ያየ ሰው የእነዚያን ሠራተኞች የራስ ሐሳብ ይሠርዛል፤ ውስጡን የከፈተ ሰው ግን ያገኘዋል።

አንድ ስም፣ ሁለት አገር

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ «ፉቱራማ ማለት የቼኮስሎቫክያ ጊታር ነው» ብሎ መዝገብ ላይ ማስፈር ይቻል ነበር። ታሪኩ ግን እንዲህ ቀላል አልሆነም። በአንድ በኩል የጊታሩ ሥራ ከብላትና ወጥቶ በሕራዴትስ ክራሎቬ ወደሚገኘው የቼኮስሎቫክያ የሙዚቃ መሣሪያዎች ድርጅት ተዛወረ፤ ስሙም «ኔኦቶን» ተባለ፤ ከዚያም የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ጊታሮች በብዛት «ዮላና» በሚለው ምልክት ታወቁ። ስለዚህ ሬዞኔት ግራዚዮዞ፣ ፉቱራማና ኔኦቶን የሚሉት ስሞች በአንድ የዘር ሐረግ ላይ የተቀመጡ ናቸው።

በሌላ በኩል ሰልመር ፉቱራማ የሚለውን ስም በእጁ እንደያዘ በ1960ዎቹ ሌላ ሠሪ ፈለገ። ይህም በስዊድን ኤልቭዳለን የሚገኘው የሃግስትሮም ፋብሪካ ነበር። ሃግስትሮም ቀድሞ በአኮርዲዮን ሥራ የታወቀ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሪክ ጊታሮቹ ላይ አኮርዲዮኑን የሚሸፍንበትን የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ይለብጥባቸው ነበር። ከዚህም ሌላ አንገቱ እንዳይጎብጥ በውስጡ የሚቀበረው ብረት የእንግሊዝኛውን «ኤች» ፊደል ቅርጽ የያዘ ነበር፤ ይህም አንገቱን እጅግ ቀጭን አድርጎ ለመሥራት አስችሎታል። እንግዲህ ሁለት ፉቱራማ የተባሉ ጊታሮች ጎን ለጎን ቢቀርቡ፣ አንዱ በቦሔምያ ሌላው በስዊድን የተወለደ ሊሆን ይችላል። ስማቸው አንድ ነው፤ ሠሪያቸው፣ እንጨታቸው፣ አንገታቸውና ብረታቸው ግን ይለያያል። የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው አይሆንም፤ የአንዱ ታሪክም ለሌላው አይሆንም።

የአንድ ጊታር ጉዞ

ጆርጅ ሃሪሰን የተባለ የሊቨርፑል ወጣት በ1959 መጨረሻ ገደማ በከተማው ከሚገኘው የሄሲ ሱቅ አንድ ፉቱራማ በዱቤ ገዛ። በ1960 የቢትልስ ጓድ ወደ ሐምቡርግ ሲሄድ ጊታሩ አብሮት ሄደ፤ በ1961ም ጓዱ ከዘፋኙ ከቶኒ ሸሪዳን ጋር በዚያው ከተማ ሸክላ ሲያስቀርጽ ሃሪሰን የተጫወተው በዚሁ ነበር። በኋላ ሃሪሰን ጊታሩ ለመጫወት አስቸጋሪ እንደነበር ተናግሯል፤ በዚያው በ1961 ግሬች የተባለ የአሜሪካ ጊታር እንዳገኘም ፉቱራማውን ወደ ጎን አደረገው።

ጊታሩ በ1964 ቢት ኢንስትሩመንታል የተባለ የእንግሊዝ መጽሔት ላዘጋጀው ውድድር ሽልማት ሆኖ ቀረበ። አሸናፊው ግን ጊታሩን ትቶ ገንዘቡን መረጠ፤ ጊታሩም በመጽሔቱ ባለቤት እጅ ቀረ። ከ60 ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2024፣ በአሜሪካ ናሽቪል ከተማ በጨረታ ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ።

በዚህ ዋጋ ውስጥ ለሞያችን የሚሆን ትልቅ ቁም ነገር አለ። ከዚያው ድርጅት የወጣ፣ በእንጨቱም ሆነ በሽቦው ከዚህ የማይለይ ሌላ ግራዚዮዞ የሚሸጠው እጅግ ባነሰ ዋጋ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የቁሱ ጥራት ሳይሆን የባለቤትነት ሰንሰለቱ ሳይበጠስ መቆየቱ ነው፤ ከተጫዋቹ ወደ መጽሔቱ፣ ከመጽሔቱ ወደ ጨረታው ያለው መንገድ በፎቶግራፍና በሰነድ የሚከተሉት ነው። የመሣሪያ ማንነት ሁለት ጥያቄ እንዳለው እዚህ ላይ እንረዳለን። የመጀመሪያው «ማን ሠራው?» የሚል ሲሆን መልሱ በአካሉ ውስጥ ነው። ሁለተኛው «በማን እጅ ነበር?» የሚል ሲሆን መልሱ ከአካሉ ውጭ፣ በሰነድና በፎቶግራፍ ነው። አንዱን በሌላው መመለስ አይቻልም።

ለሥራችን የሚሆን ሥርዓት

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው የሥራ ሥርዓት ብዙ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። በመጀመሪያ መሣሪያው ከመጠገኑ በፊት ይመዝገብ። ዛሬ የተበላሸ ነው ተብሎ የሚጣል አንድ ማብሪያ ወይም የዛገ ብሎን የትውልዱ የመጨረሻ ምስክር ሊሆን ይችላልና። መለወጡ ግድ ከሆነም አሮጌው ዕቃ በከረጢት ታስሮ ከመሣሪያው ጋር ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ በመዝገቡ ላይ «በራሱ ላይ የተጻፈው ስም» እና «የሠሪው ስም» በሁለት የተለያዩ ዓምዶች ይስፈሩ። ብዙ መዛግብት ሁለቱን በአንድ ዓምድ ስለሚያጣምሩ ነው ፉቱራማ የእንግሊዝ ጊታር ተብሎ የሚቀረው። ሦስተኛ፣ የታየው ነገርና ከታየው የተነሣ የተሰጠው ግምት ተለይተው ይጻፉ። «ሦስት ማብሪያ አለው» የሚለው የታየ ነው፤ «ስለዚህ የብላትና ሥራ ነው» የሚለው ግምት ነው። ኋላ የሚመጣ ባለሞያ ግምቱን ሊያርም ይችላል፤ የታየው ካልተጻፈለት ግን የሚያርምበት ነገር አያገኝም። አራተኛ፣ አንድ ምልክት ብቻ ይዞ አይፈረድ። መጠኑ፣ ብሎኑ፣ የኤሌክትሪኩ ዕቃና የአሠራሩ ሐሳብ ወደ አንድ አገር ሲያመለክቱ ያን ጊዜ ፍርዱ ይጸናል።

እነዚህን ነገሮች እንደ ጥቃቅን ጉዳይ የሚቆጥር ባልደረባ ቢኖር አንድ ነገር እንዲያስብ እንጠይቀዋለን። በዘመኑ የጊታር ታሪክ ላይ የፌንደር ስም ተጽፏል፤ የሰልመርም ስም ተጽፏል፤ የሃሪሰን ስም ደግሞ የመሣሪያውን ዋጋ ከሚሊዮን በላይ አድርሶታል። በብላትና እንጨቱን የጠረቡት፣ ሽቦውን የጠቀለሉት፣ ሦስቱን ማብሪያዎች በመሣሪያው ፊት ያሰለፉት ሠራተኞች ስም ግን በጊታሩ ራስ ላይ አልሰፈረም። የእነርሱ ፊርማ ያለው ከሽፋኑ ሥር ነው፤ እሱንም የሚያነበው ብሎኑን ፈትቶ፣ ያየውን በትክክል ጽፎ፣ ብሎኑን መልሶ የሚያስር ባለሞያ ነው።